ብርድ ልብስ የለበሱት ምሰሶዎች

መስፍኑ በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባባራ በሦስተኛው ሳምንት፣ አዲሱ የሸንጎ አዳራሽ ተጠናቆ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ደጁን አጨናነቀው፤ ከሰው ሁሉ ፊት የቆሙት ግን የግንበኞቹ አለቃ ነበሩ፤ የዓይን ብርሃናቸውን ኖራ ከነጠቃቸው ሁለት ዓመት አልፏል።

አለቃው ዓይኔ ጠፋ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። በምላሳቸው ቀጭ ያደርጋሉ፤ ድምፁ ሲመለስ ግድግዳውን፣ ምሰሶውን፣ ክፍቱን በር ይለዩበታል። የአዳራሹንም ጣሪያ ቅስት በቅስት ያስገነቡት በዚሁ ጆሯቸው ነው፤ ዓይናማዎቹ ግንበኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን አፋቸውን ያዙ።

ለግቢው አዛዥ ግን ነገሩ አልዋጥለት ብሎ «ዕውር እንዴት አለቃ ይሆናል?» እያለ መስፍኑን ሲወተውት ከረመ። መስፍኑም በመጨረሻ ፈረዱ፤ በምረቃው ቀን አለቃው ያለ በትር፣ ማንም እጃቸውን ሳይዝ፣ ከደጁ እስከ መስፍኑ ወንበር ከደረሱ ሹመታቸው ይጸናል፤ ከሳቱ ግን የአለቅነታቸውን ምልክት፣ የግድግዳን ቀጥታ የሚለኩበትን ቱምቢ፣ ለሌላ ያስረክባሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ ለማያውቁት ሰው ይህ ከነሕይወት መቀበር ነበር።

አለቃው ደጁን አልፈው ቀጭ አደረጉ፤ ምንም አልተመለሰም። ደገሙት፤ አሁንም ጭጭ።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ግንበኞቹ አለቃቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ፣ ቢደናቀፉ እንዳይጎዱ ብለው ወለሉን በወፍራም ምንጣፍ፣ ግድግዳውን በመጋረጃ ሸፍነው፣ አሥራ ሁለቱን ምሰሶዎች ሳይቀር በብርድ ልብስ ጠቅልለዋቸው ኖሯል። አይ የዋህነት! ጨርቁ ድምፁን ሙልጭ አድርጎ ዋጠው።

«ምነው ቆሙ፣ አለቃ?» አለ አዛዡ፤ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ከደጁ የቆመችው የአለቃው ሴት ልጅ ነገሩ ገባትና «አባባ፣ ሁሉንም በጨርቅ ሸፍነውታል» አለች።

«ለእርስዎ ብለን ነው፣ አለቃችን» አለ አንዱ ግንበኛ አንገቱን ደፍቶ።

«ጣሪያውንስ?» አሉ አለቃው።

ግንበኞቹ ተያዩ። ጣሪያውን ማን ደርሶበት!

አለቃው ፊታቸውን ቀና አድርገው ቀጭ አደረጉ፤ ጣሪያው መለሰላቸው። ከቅስት ሥር ሲሆኑ ድምፁ ቶሎ ይመለሳል፤ በሁለት ቅስቶች መካከል ይዘገያል፤ ወደ ጎን ሲያዘነብሉ ጣሪያው ዝቅ ይልባቸዋልና መሃሉን በዚያ ለዩት። ደስ አላቸው፤ እንደ ልጅ ሊሮጡ ምንም አልቀራቸው። ስድስተኛውን ቅስት አልፈው ድምፁ ከወንበሩ በላይ ወዳስገነቡት ከፍ ያለ ጉልላት ሽቅብ ሲያመልጥ ቆሙና እጅ ነሡ፤ የመስፍኑ ወንበር አንድ እርምጃ ፊት ለፊታቸው ነበረ።

«አለቃ» አሉ መስፍኑ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው፣ «እኔን በዓይኔ እያየሁ ስሄድ እንኳ ምንጣፉ ሊጠልፈኝ ነበር፤ ቱምቢው የእርስዎ ነው።»

ልጃቸው ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸውም ወደ ግንበኞቹ ዞረው «በሉ፣ ምሰሶዎቼን ከብርድ ልብስ አውጡልኝ፤ አልበረዳቸውም» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ዜና መዋዕል ጸሐፊው የዚያን ዕለት የመስፍኑን ካባ ቀለምና የመኳንንቱን የአቀማመጥ ተራ አንድ ሳያስቀር መዘገበ፤ ስለ አለቃው ግን «የግንበኞችም አለቃ ገባ» ብሎ አለፈ፤ እንዴት እንደ ገቡ አልጻፈም። በዚያ ከተማ የነበሩ ግንበኞች ግን ለብዙ ዘመን ቤት ሠርተው ከማስረከባቸው በፊት መሃል ክፍሉ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀጭ ያደርጉ ነበር፤ ከማን ተማራችሁት ተብለው ሲጠየቁም፣ «ድሮም እንዲህ ነው የሚደረገው» ይሉ ነበር።