ሐጃ ሱዓድ በመርከብ የተመለሱ ዕለት

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። እናቴ የጎንደር ሰው ናት፣ ካርቱም ካላክላ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ በር በተንጓጓ ቁጥር ጠበል ትረጫለች፣ የአባቴ እህቶች ደግሞ ሱዳኖች ናቸውና ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር የዛር ከበሮ ያስመታሉ፣ እኔ በሁለቱ መሀል አድጌ በሁለቱም ስቄ ያለፍኩ ነኝ። ሥራ የሚያደክመው ሰው ለጂኒ ጊዜ የለውም እል ነበር። አሁንም እላለሁ፣ ግን ያቺን ከሰዓት በኋላ ምን እንደምላት አላውቅም፣ እስቲ እናንተው ስሙና ፍረዱ።

እዚያው ካርቱም ጀብራ ሰፈር፣ ባሽመሃንዲስ ሙስጠፋና ሚስታቸው ሐጃ ሱዓድ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው ያረጀሁት ማለት ይቻላል። እሳቸው የመስኖ መሐንዲስ ነበሩ፣ ልጅ አልወለዱም፣ ባልና ሚስቱ በዚህች ዓለም ላይ የነበራቸው ሱስ አንድ ብቻ ነው፣ መርከብ። ሌላው ሰው ቤት ሲሠራ፣ መኪና ሲቀይር፣ እነሱ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ከርመው ያን ፎቅ ቤት የሚያህል የሽርሽር መርከብ ይሳፈሩና አንዴ በግሪክ፣ አንዴ በጣሊያን ዞረው፣ ጠቁረውና ወፍረው ይመለሱ ነበር። ኑሮ ሲከብድ ከዋዲ ሐልፋ አስዋን በምትሄደዋ ጀልባ ሆነ፣ እሷም ስትከብድ ዓርብ ዓርብ አባይ ላይ በምታዞረዋ ትንሽ ጀልባ፣ ሐጃ ለሷም ቢሆን ሽቷቸውን ተቀብተው፣ ጥሩ ቶባቸውን ለብሰው ነበር የሚወጡት። ሲመለሱ "ሀናን፣ ሰው መሬት ላይ ሆኖ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?" ይሉኛል፣ ወላሂ የምራቸውን ነበር። እኔ እንኳን መርከብ፣ ባሕርም አይቼ አላውቅ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እነሱ ጅዳ ዘመድ ቤት ገቡ፣ እኔ ከእናቴ ጋር ካላክላ ቀረሁ፣ የሆነውን ሁሉ አላወራችሁም፣ ማውራቱ ራሱ ይደክመኛል። ሐጃ እዚያ ጅዳ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳና መቆም አቃታቸው። ኋላ ሰው ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር ባሽመሃንዲስ ደወሉልኝ።

"ሀናን፣ ልንመጣ ነው። ቤቱን ሰው የሚገባበት አድርጊልን፣ ያላ።"

"በአውሮፕላን ነው የምትመጡት?"

"የምን አውሮፕላን! ሐጃ በመርከብ ካልሆነ ከዚህ አልነቃነቅም ብላለች። እስከ ሰዋኪን ወደብ በመርከብ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። የመጨረሻዬ ነው ትላለች።"

ቤቱን ብታዩት! የመብራቱ ሽቦ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ የመስኮቱ መስታወት ረግፎ፣ አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚት። ውሃ በአህያ ጋሪ ነበር የሚመጣው። ጠዋት ከካላክላ በሀፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡሱ፣ ተጋፍቼ፣ ከዚያ በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ፣ ማታ እንደገና በዚያው መመለስ፣ ብቻዬን ስጠርግ፣ ስሸከም፣ ሳጥብ ሰነበትኩ፣ ድካሙ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ያን ዕለት ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ተደብቆ የሚተኛበት ሰዓት ነበር። ዚሩ አጠገብ፣ የሸክላውን የውሃ ጋን ማለቴ ነው፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ቂጭ የሚል ድምፅ ነው፣ ቂጭ፣ ቆይቶ ደግሞ ቂጭ፣ ቀና ስል ከዚሩ በላይ የሰቀልኩት የቆርቆሮ ኩባያ ይወዛወዛል። ነፋስ ነው አልኩ፣ ግን ነፋስ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ቀጥሎ የመኝታ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ የወጥ ቤቱም እንደዚያው፣ ሁለቱም እኩል፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው። ከፊቴ ባለው ባልዲ ውስጥ ውሃው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዘመመ።

የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብዬ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ጎረቤታችን ዐም ኢድሪስ ጥላ ሥር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ በብርጭቋቸው ያለው ሻይ ፀጥ ብሏል።

"ዐም ኢድሪስ፣ መሬቱ አልተንቀጠቀጠም?"

"ፀሐይ መታሽ መሰለኝ ልጄ። ግቢና ውሃ ጠጪ።"

ገባሁ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ከበታቹ የሆነ ሞተር ያጉረመርማል፣ በሰፈሩ ደግሞ የሚሠራ ጄኔሬተር የለም። በጉልበቴ ተንበረከክኩ፣ አስመለሰኝ፣ ገና ሳልጨርስ እጅ መጥቶ ግንባሬን ያዘኝ። ቀዝቃዛ፣ ቀጭን፣ ቀለበት ያለበት እጅ። የሐጃ ኹምራ ሸተተኝ፣ ያ የሱዳን ሴቶች የሚቀቡት ከባድ ሽቶ። አልጮህኩም። ለምን አትሉኝም፣ ሲያስመልሰኝ ግንባሬን የያዘልኝ ሰው ከልጅነቴ ወዲህ አልነበረም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እዚያው ተኛሁ።

የነቃሁት ሲመሽ፣ በመግሪብ አዛን ነው። ኩባያው ቆሟል፣ በሮቹ ቆመዋል። የቀሚሴ ጠርዝ ርሷል፣ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፣ ጨው። ላብም ጨው ነው አልኩና ወለሉን አጥቤ ወደ ካላክላ ሄድኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ በጠበል ነበር የምታጥለቀልቀኝ።

ከቀናት በኋላ ደረሱ። ባሽመሃንዲስና ሹፌሩ ሐጃን ደግፈው ከመኪናው አወረዷቸው፣ ልስማቸው ጎንበስ ስል ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩኝ።

"አንቺ፣ መቼ ወረድሽ?"

"ከየት ነው ሐጃ?"

እጃቸውን ሰበሰቡ።

እሳቸውን አስተኝተን ስንጨርስ ባሽመሃንዲስ በረንዳው ላይ ጠሩኝ።

"መርከቡ ላይ ሳለን ከሰዓት በኋላ ማዕበል ተነሣ" አሉኝ። "ሐጃ ከአልጋዋ ወረደች። ቆመች፣ ሀናን፣ በእግሯ ቆመች። 'ሀናንን አሟታል' አለችና ጥጉ ጋ ሄዳ ጎንበስ ብላ፣ የሰው ግንባር እንደሚይዝ ሰው እጇን ዘረጋች። ከዚያ አልጋዋን ለቀቀችላት፣ ብርድ ልብሷን አለበሰቻት፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አደረች።"

ቀኑን ጠየቅኳቸው። ያቺው ቀን ናት።

"እርስዎስ አዩኝ?"

መነጽራቸውን አውልቀው በጀለቢያቸው ጠረጉ። መሐንዲስ ናቸው፣ በደንብ ያላዩትን ነገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ብርድ ልብሱ ሥር የሆነ ሰው ይተነፍስ ነበር" አሉ። "አልገለጥኩትም።"

"ኋላስ?"

"ሰዋኪን ስንደርስ፣ እንቀስቅሳት ወይ አልኳት። 'ተዋት፣ ደክሟታል፣ ትተኛ' አለችኝ። ትተናት ወረድን።"

ይኸው እስካሁን አብሬያቸው ነኝ። ሐጃ ዳግመኛ አልቆሙም፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ በስሙ ይጠራሉ። እኔን ብቻ "ልጄ" ይሉኛል፣ ልክ እንደ እንግዳ፣ ውሃ ሳቀብላቸው እንኳ አጥብቀው እያመሰገኑ። እኔም ከዚያ ወዲህ ብተኛ ብተኛ ድካሜ አልወጣ አለኝ፣ የምተኛው እንቅልፍ ሌላ ሰው ጋ የሚሄድ ይመስለኛል።

ትናንት ምሳ ሳበላቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ሀናን ነቃች?"

መጀመሪያ ሰሞን "እኔ ነኝ እኮ ሐጃ" እል ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።

"ገና ናት" አልኳቸው። "ተኝታለች።"

"አትቀስቅሷት" አሉኝ፣ እኔም ሳህኑን አንሥቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።