የመለስኩት አልጋ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የሆነው በሐምሌ ወር ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ። ቦታው ጃማይካ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ያለው ቤታችን።

ባሌ ክሎቪስ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጀልባው ተገልብጣበት ሰጠመ። ሬሳውን አግኝተን ቀበርነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ በዘጠነኛው ሌሊት መኝታ ቤቱ ይቀየራል። የአልጋው ቦታ ይለወጣል፣ ፍራሹ ይገለበጣል። ሟቹ ተመልሶ ቢመጣ ክፍሉ እንግዳ ይሆንበትና መንገዱን ይቀጥላል ይባላል።

እኔም በሰው ፊት አደረግሁት። ከታላቅ እህቱ ከኢኔዝ ጋር ሆነን ያንን ከባድ አልጋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ወሰድነው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ግን...

መለስኩት።

ብቻዬን፣ አንዴ በራስጌው አንዴ በግርጌው እየጎተትኩ። ፍራሹንም እንደነበረው መልሼ ገለበጥኩት። መንገዱን እንዲቀጥል አልፈለግሁም። እንዲመጣልኝ ነበር የፈለግሁት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አልሄድ አለኝ። ጠዋት መጋረጃ አጥባለሁ፣ የካሳቫ ቂጣ እጋግራለሁ፣ ወለሉን ቀይ ሰም ቀብቼ በኮኮናት ቅርፊት እስኪያብረቀርቅ እፈትጋለሁ። ክሎቪስ ከባሕር ሲመለስ ቤቱ እንዲህ ሆኖ ሲጠብቀው ደስ ይለው ነበር። የሚመለሰውም ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ወለሉ ላይ እርጥብ ዱካ አየሁ።

የባዶ እግር። ከበሩ እስከ አልጋው።

የሚመለስ ዱካ ግን አልነበረም...

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም። ደስ አለኝ። ተንበርክኬ በጣቴ ነካሁትና ቀመስኩት። የባሕር ጨው ነው። ምሳውን አቀረብኩለት።

በማግስቱ ዱካው በዛ። አልጋውን ዞሮታል። ግድግዳውን ተከትሎ ሄዷል... በየማዕዘኑ ቆሟል።

መውጫ የጠፋበት ሰው አረማመድ ነበር።

ምሳው አልተነካም።

በአምስተኛው ቀን ኢኔዝ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ዱካውን አየችና አልገባም አለች።

«አልጋውን መልሰሽዋል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አልመለስኩም፣ እትዬ።»

«ውሸት አይሆንልሽም፣ ቨሮና። ባልሽም ዶሚኖ ላይ ሲያጭበረብር እንዳንቺው ዓይኑ ይቅበዘበዝ ነበር።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«ያለቅሳል...»

ሰማሁት። ከመኝታ ቤቱ ነው። ውሃ የሞላው ጉሮሮ ልቅሶ። ክሎቪስ እናቱን ሲቀብር እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው።

«እኔ እኮ ናፍቆኝ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን አስረሽዋል።»

አልጋውን ወደ ግድግዳው ለመውሰድ ላግዝሽ አለችኝ። እምቢ አልኳት። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የምሸኘውም እኔ ነኝ።

ገባሁ። በዚያ ሙቀት ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ዱካው አልጋው ግርጌ ቆሟል። ውሃው ወለሉ ላይ ገና እየሰፋ ነው...

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን የተኛንበት አልጋ ነው። ራስጌውን ይዤ ልጎትተው ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ክሎቪስ...»

ልቅሶው ዝም አለ።

«ሂድ በቃ። አልይዝህም።»

ተነሣሁና ራስጌውን እንደገና ያዝኩ። ሽቅብ አነሣሁት።

በወዲያኛው በኩል ግርጌው ከወለሉ ተነሣ።

ማንም አልነበረም። ከአልጋው ማዶ ግን አዲስ እርጥብ ዱካ በየእርምጃው ይታተማል... ወደ ግድግዳው፣ አንድ በአንድ፣ እኔን እየጠበቀ።

እኔን እንዳይከብደኝ ክብደቱን ወደ ራሱ ይስብ ነበር።