መሐል ላይ ያለችው ስልክ

«ሀጀር፣ ኮድሽ ጉድ ሠራን» አሉ ቲቸር ፍትዊ የስክሪኑን ገመድ እየነቀሉ። «ለውድድሩ ፍጻሜ በአንቺ ቦታ ሌላ ልጅ መተካት ሊኖርብኝ ነው።»

ሀጀር አንገቷን ደፋች። ሰምሃል ስልኳን ጨብጣ ወለል ወለሉን ታያለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች።

የሠሩት አፕ ስልኮች ያለ ኢንተርኔት፣ በቅርብ ርቀት መልእክት እንዲለዋወጡ የሚያደርግ ነው። እንዴት ይገናኙ በሚለው ላይ ግን ተጨቃጭቀው ነበር።

«እያንዳንዱ ስልክ ከጎረቤቱ ይያያዝ» ብላ ነበር ሀጀር። «አንዱ ቢጠፋ መልእክቱ በሌላው ዞሮ ይደርሳል።»

«እሱማ ይንቀረፈፋል!» አለች ሰምሃል። «ሁሉም ከአንድ ስልክ ጋር ይገናኝ። ፎቶ ራሱ ሽው ብሎ ይሄዳል።»

ይፈጥናል፣ እውነቷን ነው። ሰምሃልን ያማለላት ግን ሌላ ነው፤ መሐል የሚሆነው ስልክ ባለቤት ስም በትልቁ ስክሪን ላይ ከሁሉም በላይ ይጻፋል። ስሟን እዚያ ማየት አማራት።

«እሺ፣ መሐሏ አንቺ ሁኚ» አለች ሀጀር። «ግን ከአዳራሹ ከወጣሽ ሁላችንም ጠፋን፣ በቃ።»

«የት እሄዳለሁ ባክሽ!»

ሄደች። ዛሬ የውድድሩ ዳኞች ፊት ቆመው ሳሉ እናቷ ደወለች። እናቷ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በሥራ ሰዓት ያለ ነገር አትደውልም። ትልቅ ሰው ፊት ስልክ ማውራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ፣ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ስልኳን ይዛ እስከ ውጭው በር ሮጠች። ነገሩ «የቤቱን ቁልፍ የት አደረግሽው?» ሆኖ ተገኘ። ስትመለስ የሁሉም ስልክ ስም ከስክሪኑ ጠፍቷል። ዳኞቹ ወደ ሌላ ጠረጴዛ አልፈዋል። ሀጀር ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራ ላብ በላብ ሆናለች።

«ወጥተሽ ነበር እንዴ?» አለቻት ቀና ሳትል።

«ኧረ እዚሁ ነበርኩ!»

ቃሉ ካፏ አምልጦ ወጣ። ሀጀርም አመነቻት፤ ሰምሃልን የቆጫት ይህ መታመኗ ነው።

ከውድድሩ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ሀጀር ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። «ይቅርታ ሰሚ፣ ሁላችሁንም አዋረድኳችሁ» አለች። «ግን አላህ ያውቃል፣ ስህተቱን ሳላገኘው አልተኛም። ካገኘሁት ቲቸር ይመልሱኝ ይሆናል።»

ምኑን ታገኘዋለች? ኮዱ ውስጥ የሌለ ስህተት ስትፈልግ ሊነጋባት ነው።

መገናኛ ሲወርዱ ሰምሃል የምትሳፈርበት የቦሌ ታክሲ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል።

«ግቢ እንጂ!» አለች ሀጀር ወደ ራሷ፣ ወደ ላምበረት ታክሲ ሰልፍ እያመራች።

ሰምሃል አልገባችም። ታክሲው ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ።

«ሀጀር፣ ኮዱን አትንኪው።»

«ለምን?»

«ምንም አልሆነም። ወጥቼ ነበር። ዋሸሁሽ።»

ሀጀር ትኩር ብላ አየቻት። ሰምሃል የቲቸር ፍትዊን ቁጥር አውጥታ ደወለች። እንደ ልማዷ ፈቀቅ ልትል አንድ እግሯን አነሳች። ተወችው። እዚያው ሀጀር አጠገብ ቆማ፣ ስልኩ እስኪነሳ ጠበቀች።