የአማቴ ድምፅ የነበረበት ዲስክ

ይህን የምጽፈው ሰው ላስደነግጥ ብዬ አይደለም። በእኔ ቤት፣ በእኔ እጅ የሆነ ነገር ነው። ባልናገረው ደስ ባለኝ... ግን ዝምታው ከበደኝ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ታሞቃለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ በጆሮዬ እየሰማሁ የለቃቀምኩት ነው። ኮምፒውተራችን አርጅቶ ሲንቀራፈፍብኝ፣ ኮምፒውተሩን ከሚያንቀሳቅሰው ነባር ሲስተም ጎን ሌላ ቀለል ያለ ልጫንበት አልኩ። ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ፤ አንድ ጨርቅ ለሁለት እንደመክፈል።

ባለቤቴ ሳቀችብኝ።

«ኢንጂነሩ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን ልትሰፋልኝ ነው?»

ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ።

«የእማዬን ድምፅ ሌላ ቦታ ገልብጠሃል?»

«አዎ» አልኳት።

አልገለበጥኩም ነበር። ነገ ነገ ስል ከርሜ ነው።

አማቴ ከማረፋቸው በፊት ልጃቸውን ሲመክሩና ሲመርቁ የተቀዳ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ባለቤቴ በየእሁዱ ዘጠኝ ሰዓት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማዋለች። ከእናቷ የቀራት እሱ ነው።

እሷ ወጣ እንዳለች በፈጣሪ ስም ብዬ አዲሱ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። እንደሰማሁት ከሆነ «ከነባሩ ጎን ጫን» የሚል ምርጫ ይመጣል።

አልመጣም።

የመጣው «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚል ብቻ ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን እችላለሁ ብዬ ለስንቱ አውርቼ... «ባዶውን ቦታ ማለቱ ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ተጫንኩት።

ሲያልቅ አዲሱ ሲስተም ብቻ ነበር። የአማቴን ድምፅ እስኪመሽ ፈለግሁ። ዲስኩ እንደታጠበ ሳህን ነው።

ባለቤቴ መጣች።

«ሆነልህ?»

«ሆነ» አልኳት።

በማግስቱ፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት፣ «ዲስኩ በራሱ ተቃጠለ» የሚል ውሸት አሰናድቼ የሳሎኑ በር ላይ ቆምኩ። እሷ ተቀመጠች። ማዳመጫውን አደረገች።

ፈገግ አለች።

አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። ሃያ... አርባ።

መሃል ላይ ሳቀች። ቅጂውን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። የሚያስቅ ነገር የለበትም።

ማዳመጫውን ስታወርድ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይህን ክፍል ሰምቼው አላውቅም። አንተ ነህ ያገኘኸው?»



«አዎ» አልኩ።

ግንባሬን ሳመችኝ። «ፈጣሪ ይስጥህ» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ማጥፋቱስ ይሁን፤ የማንም እጅ ይሳሳታል። ያቺን አሜን ግን ባስታወስኳት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ልጸልይ ብንበረከክም አፌ አልከፈት አለኝ።

ሳምንቱ ዞረ። እሁድ፣ ያው ዘጠኝ ሰዓት።

እሷ እያዳመጠች እኔ አጠገቧ የሱሪ ጫፍ በእጄ እሰፋለሁ። መርፌዬ ወደቀችብኝ። ልፈልጋት ጎንበስ አልኩ።

የማዳመጫው ገመድ ከጠረጴዛው ሥር ተንጠልጥሏል። ጫፉ የትም አልተሰካም።

ከበላዬ ሹክሹክታዋን ሰማሁ።

«እሺ እማዬ... እሺ... አልነግረውም።»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረድኩት።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «አልገለበጥኩም ነበር። አጥፍቼዋለሁ። የእማማ ድምፅ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የለም።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ገመዱን ቀስ እያለች ሳበችው። ባዶውን ጫፍ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው።

«ታዲያ ማን ነው የሚያናግረኝ?»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እማዬ መልስ ስትሰጠኝ ፈርቼ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ግን አንተ አገኘሁት አልከኝ። አንተ ስላልከኝ አመንኩ። የጠየቀችኝንም ሁሉ ነገርኳት።»

«ምን ጠየቀችሽ?»

«የት እንደምንተኛ።»

«ሌላስ?»

ቀና ብላ አላየችኝም።

«መኝታ ቤቱ ከውስጥ በምን እንደሚዘጋ።»

ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለታችንም ሳሎን።

አንድ ላይ ወደ ኮሪደሩ ዞርን። የመኝታ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋችን ላይ ፀሐይ አርፋለች።

ነፋስ አልነበረም።

በሩ ቀስ... ቀስ ብሎ ገጠመ።

ከዚያ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማን።