የሞቀው ክፍል

መርማሪዋ ስትገባ ክፍሉ ሞቆ ነበር፤ አልጋው ላይ ያሉት ሽማግሌ ግን የሞቱት በብርድ ነው። ሐኪሙ ይህንኑ ነግሯት ወጣ። ከራስጌው አጠገብ ያለው የውሃ ብርጭቆ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ውሃው ሌሊት በረዶ ሠርቶ፣ ኋላ ቀልጦ ምንጣፉን አርሶታል። ግማሽ አካላቸው አይታዘዝላቸውም ነበርና የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ እንኳ መሳብ አልቻሉም።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ ከአባቱ ጋር የሚኖረው ታላቅ ልጅ፣ ነርስ እህቱ እና የእህቱ ባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ቤቱን የሚያሞቀውን ቦይለር የሚያስነሳውን ቴርሞስታት ባለፈው ሳምንት ግድግዳው ላይ የገጠመው ይህ አማች ነው።

«ጥፋተኛውን ከፈለጉ እዚያ ተቀምጧል» አለ ታላቅየው። «ሽቦውን አበላሽቶ አሠረና መሣሪያው ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ይተኛል። መታሰር አለበት።»

አማቹ አቀርቅሮ ነበር። ስትጠይቀው በዝግታ አስረዳት። አማቱ «ግድግዳዬን ከምትበሳ እኔን ብሳኝ» ብለው ስለቀለዱ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን መረጠ። ለእሱ አዲስ መስመር አያስፈልግም፤ የአሮጌው መቆጣጠሪያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይበቁታል። ቦይለሩን «ተነሣ»፣ «ተኛ» ከማለት ሌላ ሥራ የላቸውም።

«ገጥመው ሲጨርሱስ ምን ያደርጋሉ?» አለች መርማሪዋ።

«የመሣሪያውን ሰዓት እሞላለሁ። ድንጋዩ ወጥቶ በገባ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። ሳልሞላ ሄጄ አላውቅም።»

እህትየው ሌሊቱን እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ሆስፒታል ተረኛ እንደነበረች፣ ሁለት ሰዓት ላይ መጥታ ከወንድሟ ጋር እንደገቡ፣ ክፍሉም ያን ጊዜ ሞቅ ብሎ እንደነበር ተናገረች። ቴርሞስታቱን የነካ የለም።

«እርስዎስ?» አለች መርማሪዋ ወደ ታላቅየው ዞራ።

«ማታ የቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀርኩና ተኛሁ። ጠዋት እህቴ ስታንኳኳ ነው የነቃሁት፤ መቀርቀሪያውን ራሴ ከፈትኩላት።»

ተመልሳ ቴርሞስታቱን አየች፤ ከዚያም የእጅ ሰዓቷን። ክዳኑን ከፈተች። ሽቦዎቹ ጠብቀው ታስረዋል። ድንጋዮቹ ላይ አማቹ የገጠመበትን ቀን በእርሳስ ጽፏል። ከእሱ በተዋሰችው መለኪያ ስትለካቸው ሙሉ ነበሩ፤ መልሳ ከተተቻቸው። ሦስቱንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ሽቦው ደህና ነው፤ ድንጋዩም አልደከመም» አለች። «ሆኖም ሌሊቱን ውሃ በረዶ ሠርቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ድንጋዩን አውጥቶት ነበር። ባዶውን ቢተወው ይታወቅበታል፤ መልሶ ካስገባው ግን ጥፋቱ የባለሙያው ይሆናል። የእኔ ሰዓት ሦስት ከአሥር ሲል ይህኛው ሁለት ከአርባ ይል ነበር። ከዜሮ የጀመረው እንግዲህ ዛሬ ንጋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ያን ጊዜ ነርሷ ከበሽተኞቿ ጋር ናት። ባለሙያው ቢሆን ሰዓቱን ሳይሞላ አይሄድም። ደግሞም በሩ ተቀርቅሯል፤ ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ታላቅየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ዘጠኝ ዓመት አነሣኋቸው» አለ። «ዘጠኝ ዓመት አጠብኳቸው። ትናንት ቤቱን ለእሷ ሊሰጡ መሆኑን ነገሩኝ። አንድ ቀን እሷና ባሏ ካቻቪቴ ይዘው ስለመጡ።»

አማቹ የሚስቱን ክንድ ያዘ። እሷ ግን ወንድሟን ብቻ ነበር የምታየው።

«ጋሼ፣ አባባ አልተጣሩም?»

«ተጣርተዋል።»

«ምን ይሉህ ነበር?»



«ልጄ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ አንተ ምን ለብሰሃል? ይሉኝ ነበር።»

ግድግዳው ላይ ቴርሞስታቱ ቀጭ አለ። ታች ቦይለሩ ተነሣ።