ዳኘው ዝም ያለበት ሌሊት

እሳቱን ቀነስ አድርጉት። እንደዚያ። አሁን ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይህን ነገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ባይሰማው ይሻላል።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ዶሮ ሳይጮህ፣ ጅብ ጠግቦ ወደ ጎሬው ሲመለስ። ከመንደሩ ወደ ሐይቁ የምትወርድ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች፤ በግራዋ ገደል፣ በቀኟ ቁጥቋጦ። በዚያች መንገድ አንድ ሰው ይወርዳል። መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ አድርጓል። ስሙ ዳኘው ነው። ብቻውን ነው።

ለምን ብቻውን ሆነ? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ያ ሐይቅ ጥልቅ ነበር። ስንት ክንድ? ማንም አያውቅም። ድንጋይ አስረው ሲባጎ ሲለቁ፣ ሲባጎው ያልቃል እንጂ ድንጋዩ መሬት አይነካም። ከታች፣ የቀን ብርሃን በማይደርስበት፣ ሆዱ ቀይ የሆነ ትልቅ አሳ ይኖራል። ያ አሳ የሚበላው በጨለማ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ሌሊት ያጠምዱ ነበር። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወጣሉ፤ ግን እያንዳንዱ በየታንኳው። ጉም ሲወርድ አይተያዩም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ይጣራሉ። አንዱ "አለህ?" ይላል። ሌላው "አለሁ!" ይላል። የተጠራ ሰው፣ መንጠቆው አሳ ይዞ ቢሆን እንኳ፣ ሲባጎውን ለቆ ይመልሳል። ሰምቶ ያልመለሰ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቆጠር ነበር።

ዳኘው የሚጣራው ከአለበል ጋር ነበር። አለበል ወጣት ነው፣ ሳቂታ ነው። ከሐይቁ መሀል አንድ ቦታ አግኝቷል፤ ሲባጎ በጣለ ቁጥር ቀዩ አሳ ይመጣለታል። ዳኘው ደግሞ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ባዶ መንጠቆ ሲስብ ያድራል።

"አያ ዳኘው፣ ዛሬም ውሃ ይዘህ ልትገባ ነው?" ይለዋል አለበል። "እንካ፣ ይችን ለውድነሽ ስጣት። እኔ ያጠመድኳት ናት ብለህ ዋሽ፤ እኔ አልናገርም።"

ዳኘው ይቀበላል። ቤቱም ወስዶ ይበላል። ሥጋው ይወርዳል፤ እሾሁ ግን ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ገባችሁ?

ታንኳቸው ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። አንድ ሌሊት ውሃ ላይ ካደረ፣ በማግስቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። አለበል ግን የአሳው ነገር አላስተኛ ብሎት፣ በዚያው በአንድ ታንኳ ሳያደርቀው ሦስት ሌሊት ወጣ። በሦስተኛው ሌሊት ዳኘው ታንኳውን ወደ ውሃ አብሮት ገፋ። ከበደው። እንደ ሬሳ ከበደው። "ይህ ታንኳ ጠግቧል" ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከጉሙ ውስጥ፣

"አያ ዳኘው! አለህ?"

ዳኘው ሲባጎውን እንደያዘ ዝም አለ።

"አያ ዳኘው! ታንኳዬ እየሰመጠ ነው! አለህ?"

ዝም።

በሦስተኛው ስሙን ብቻ ጠራው። ግማሹን። ከዚያ ውሃው ተዘጋ።

መቅዘፊያውን ቢያነሳ ይደርስ ነበር? ይደርስ ነበር። እሱም ያውቃል።

ሬሳው አልተገኘም። የአለበል ሚስት እናንዬ ልጇን አዝላ ዳኘው ደጃፍ መጣች። አላለቀሰችም።

"አያ ዳኘው፣ ጠርቶህ ነበር?"

"አልሰማሁም።"

"ጉም ድምፅ ይሸከማል እንጂ አያፍንም።"

"አልሰማሁም አልኩሽ እኮ! ማርያምን!"

እናንዬ የእሱን ፊት አላየችም። ከኋላው የቆመችውን ሚስቱን ውድነሽን አየቻት። ውድነሽ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"እንግዲያ እሱ ራሱ ይጠይቅህ" አለችና እናንዬ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ከዳኘው ጋር የሚጣራ ሰው ጠፋ። አንዱ "ወገቤን አሞኛል" ይለዋል። ሌላው "ከአማቼ ጋር ነው የምወጣው" ይለዋል። ብቻውን የቀረው እንዲህ ነው። ቢሆንም አላፈረም። የአለበል አርባ ሳይወጣ፣ በዚያች ጠባብ መንገድ ወርዶ፣ ደርቆ በቆመ ታንኳ ወደ አለበል ቦታ ቀዘፈ።

ሲባጎውን ጣለ። ቀይ አሳ። ደግሞ ጣለ። ቀይ አሳ። አምስት ሆነ። ዳኘው ሳቀ፤ ብቻውን፣ በጨለማ፣ ሳቀ።

ስድስተኛውን ሲስብ ሲባጎው ከበደው። ጎተተ። አልመጣም። ለቀቅ ሲያደርገው፣ ከታች በቀስታ ሳብ አደረገው። አንድ ጊዜ። ሰው በር ሲያንኳኳ እንደሚያደርገው።

ሲባጎውን ጣለው። ያኔ ቀዝቃዛ ነገር የእግሩን ጣቶች ነካው። ጎንበስ ብሎ ቢዳስስ ውሃ ነው። ያ የደረቀ ታንኳ ይወርዳል። ከእሱ በቀር ማንም ያልወጣበት ታንኳ ሁለት ሰው እንደጫነ ይወርዳል! ዳኘው ደነገጠ። አፉ የለመደውን ጮኸ፦

"አለህ?"

ከጉሙ አይደለም። ከግራም ከቀኝም አይደለም። ከእግሩ ሥር፣ ከውሃው ውስጥ፣

"አለሁ።"

እንዴት እንደቀዘፈ አያውቅም። ዳር ደረሰ። ታንኳውንም አሳውንም ጥሎ ዳገቱን ወጣ። ከኋላው ጨብ፣ ጨብ፣ ጨብ ይላል። የረጠበ እግር ነው። ሲቆም ይቆማል። ሲሮጥ ይሮጣል።

"አያ ዳኘው። ጠርቼህ ነበር።"

አልዞረም። እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር? ሮጦ በሩን በሁለት እጁ ደበደበ።

"ውድነሽ! ክፈቺልኝ!"

ውድነሽ ነቃች። ተነሥታ የበሩን መወርወሪያ ያዘች። ግን እንዲያው ልቧ ፈራና ጠየቀች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ!" አሉ ሁለት ድምፆች።

አንዱ የባሏ ነው። ሌላው ጉሮሮው ውሃ የሞላ ሰው ድምፅ ነው። እሱንም ታውቀዋለች። ሳቂታ ነበር።

"ውድነሽ! በማርያም! አለሽ?"

እጇ መወርወሪያው ላይ ነው። ብትስበው ይከፈታል። ልጆቿ ከኋላዋ ተኝተዋል። ያን ቀን እዚሁ በር ላይ ያያት የእናንዬ ዓይን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

ውድነሽ ዝም አለች።

"አለሽ?" አለ ባሏ። በሦስተኛው ስሟን ብቻ ጠራ። ግማሹን።

ሲነጋ በሩን ከፈተች። ወሩ የካቲት ነው፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ሐይቁ ከዳገቱ በታች ሩቅ ነው። ዳኘው ደፉ ላይ ወድቋል። ጋቢው ይንጠባጠባል። ጎረቤት ተሰብስቦ ቢያገላብጠው፣ ከአፉ ውሃ ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ። ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ ሰምጦ ነበር የሞተው።

እናንዬም መጣች። ልጇን እንዳዘለች ቆማ አየችው። "አሁን ሰማ" አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም። ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሁኑ። ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር። ስንት ናችሁ? ስትመጡ ስምንት ነበራችሁ። አሁን ስቆጥር ዘጠኝ...

ቆዩ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጥሽው፣ አትነሺ። ወደ ኋላሽም አትዙሪ። ቀስ ብለሽ እጅሽን ስጪኝ።

ያዘሽ!