በአፈሙዝ ውስጥ የሚታይ ሰማይ

ባላምባራስ ንዳ፣ ግራዝማች በርታና ሐጂ ሙዘይን በሕይወት በነበሩበት ዘመን በቡታጅራ አካባቢ ያልተፈተነ ጥይት ከትከሻ ላይ አይተኮስም ነበር። ሦስቱ በሃይማኖትም በጠባይም የማይገናኙ ሰዎች ሲሆኑ፣ ጠመንጃን በግምት መያዝ ነውር ነው በሚለው ግን አንድ ነበሩ። ሥርዓቱን ያጸኑት እነርሱ ናቸው። እንግዳ ጥይት ሲመጣ ጠመንጃው ከግንድ ጋር ይታሰራል፤ ቃታው በቃጫ ገመድ ከርቀት ይሳባል። ከዚያ ማቀባበያው ይነቀልና አንድ ሰው አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንቶ በባዶው ብረት ውስጥ አሻግሮ ይመለከታል። «ምን ይታያል?» ተብሎ ይጠየቃል። «ሰማይ» ብሎ ሲመልስ ብቻ ጠመንጃው ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ከተደረገ በኋላ ሦስተኛው ከትከሻ ይተኮሳል።

የዚህ ሥርዓት የመጨረሻው ጠባቂ የግራዝማች በርታ ልጅ አቶ አምሀ ነበሩ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ፣ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ ከሚወስደው መንገድ ግርጌ ባለ ደረቅ ቦረቦር ውስጥ፣ የአባታቸውን በልጅግ ጠመንጃ እንደታቀፉ ወድቀው ሞቱ። ሦስተኛውን ጥይት ሲተኩሱ የጠመንጃው ብረት ተሰንጥቆ፣ ስንጣሪው አንገታቸው ውስጥ ገብቷል።

ኢንስፔክተር ፀዳለ በማግስቱ ከወልቂጤ ተጠርታ መጣች። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ወንበር ሲቀርብላት የማትቀመጥ፣ ቆማም የማትረጋ ሴት ናት። ጉዳዩን የያዘው ወጣቱ ሳጅን ቴዲ ከጣቢያው በር ላይ ተቀበላት።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር። እርስዎን ማድከማችን ነው» አለ። «ጠመንጃውን ያደሰው ሸረፋ የሚባል ብረት ጠጋኝ ነው። ማቀባበያውን በቅርቡ ፈታትቶ ገጥሞታል። ሥራው ፈነዳ፤ ሰው ሞተ። ይዘነዋል፤ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ማቀባበያው ተሰብሯል?»

ቴዲ አንገቱን አከከ።

«አየኸው ወይስ ገመትህ?»

«ፈነዳ ሲባል... የሚፈነዳው ከኋላ ነው ብዬ ነው።»

ፀዳለ ጠመንጃውን አስመጥታ በመስኮቱ ብርሃን መረመረችው። ማቀባበያው ቦታው ላይ ነበር፤ ስትስበው ያለ ችግር ተከፈተ። ጉዳቱ ያለው ወደ ፊት፣ ግራ እጅ ብረቱን ከሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ብረቱ እንቁራሪት እንደዋጠ እባብ አብጦ ተሰንጥቋል።

«የሸረፋ እጅ የደረሰበት ቦታ ደኅና ነው» አለች። «ብረት እንዲህ የሚያብጠው ውስጡ አንድ ነገር ተወትፎ እያለ ሲተኮስ ነው።»

«ታዲያ ልፍታቸው?» አለ ቴዲ፤ ሸረፋን ካሁኑ አንቱ ማለት ጀምሯል።

«ምን እንደተወተፈና ማን እንደሚያውቅ ሳልናገር ቢወጡ ከተማው በሙሉ ጣቱን የሚቀስረው በእሳቸው ላይ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለን።»

አቶ ሸረፋ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥቁር ቅባት ከጥፍራቸው ሥር የማይለቅ ሰው ናቸው። ስትገባ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የአምሀ ድንኳን ተተከለ?»

«ተተክሏል፣ ጋሼ ሸረፋ።»

«አርባ ዓመት ጓደኛዬ ነበር። ሰው ሁሉ ልቅሶው ላይ ተቀምጦ እኔ እዚህ። ሚስቱ አደይ ገደለብኝ ብላ ታምናለች ማለት ነው?»

«እሳቸውን እጠይቃለሁ። አሁን የትናንቱን ይንገሩኝ። ቦረቦሩ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«አራት ነን። አምሀ፣ እኔ፣ ጥይቱን ያመጣው ጀማሉ፣ የአምሀ የእኅት ልጅ ደረጄ። ከርከሮ እንሰቱን ነቅሎ ጨረሰው፤ ቀበሌው ለመከላከል ፈቀደ። የአደን ጥይት ግን አፍንጫው ለስላሳ ነው፤ ይህ ጠመንጃ ከዚያ በፊት የወታደር ጥይት እንጂ ሌላ አልቀመሰም። አምሀ ሳልፈትን አልነካውም አለ።»

«የመጀመሪያው እንዴት ሆነ?»

«አሰርን፣ ሳብን፣ ጮኸ። እኔ ማቀባበያውን ነቅዬ አየሁ። ሰማይ። ሁለተኛውን ሳብን። ያን ጊዜ ገመዱ ተቋጥሮ ነበርና እኔ እሱን ስፈታ ደረጄ ጠመንጃውን አነሣ። አምሀ ጠየቀ፤ ልጁ ሰማይ አለ።»

«እርስዎ አልደገሙትም?»

ሽማግሌው እንደ ስድብ ቆጠሩት። «ሰማይ ካለ በኋላ? የሰው ቃል ላይ ሌላ ዓይን አይደረብም፣ ልጄ። አባቶቻችን እንደዚያ አላሳዩንም።»

ጀማሉ የእህልና የሸቀጥ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጥፋት እንደሌለበት ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ሲያረጋግጥ አገኘችው።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ጥይቱ ከአዲስ አበባ በሕግ የተገዛ ነው። ካርቶኑን ከትናንቱ ካፊያ ለማዳን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እኔ ራሴ እየረጠብኩ ነው የያዝኩት። ሚስቴ እንኳ ለእኔ እንደዚያ አታዝንም።»

«የሁለተኛው ድምፅ እንዴት ነበር?»

ጀማሉ ሳቁን ዋጠ። «ቀጠን አለችብኝ። አቶ አምሀም ሰምተዋታል። "ይቺ ሰነፍ ናት፣ ደኅና አድርገህ እይልኝ" አሉት ልጁን። ሁለት ጊዜ ጠየቁት። ሁለቴም ሰማይ አላቸው። እኔ ካርቶኑን ስጠቀልል ነበርና በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም።»

«ራሳቸው ለምን አላዩም?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ወይዘሮ አደይን ጠይቂ።»

ወይዘሮ አደይ፣ የሟች ባለቤት፣ ከድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነፋሱ ሸራውን ያርገበግበዋል፤ ከእርሳቸው በቀር ማንም አንድ ቦታ ላይ ረግቶ አይቀመጥም።

«ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር» አሉ። «ኢላማውን በአንዱ ዓይኑ እንደምንም ይለያል፤ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ግን ምንም አይታየውም። ለሰው መንገር ያፍር ነበር። ሸረፋ እንኳ አያውቅም። ለደረጄ ብቻ ነገረው፤ "ከዛሬ ጀምሮ ዓይኔ አንተ ነህ" አለው። እኔ ዳር ሆኜ ሰማሁ።»

«ጠዋት ሲወጡ አየሩ እንዴት ነበር?»

«ጉም! እጅሽን ዘርግተሽ ጣትሽ አይታይም። ጋቢ ደርቤለት ነው የላክሁት። ሬሳው ሲመጣ ነው ፀሐይ የወጣው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሸረፋ ለምን አልመጣም? ሳጅኑ ያለውን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ቦታውን ጠብቄለታለሁ።» ከጎናቸው አንድ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል።

ደረጄ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ይሠራል። ወላጆቹን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት አቶ አምሀ ናቸው፤ ልጅ ስላልነበራቸው ቤቱም እንሰቱም ለእርሱ እንደሚተላለፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከድንኳኑ ጀርባ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ፣ ሳያየው መልሶ እየከተተ ይመላለስ ነበር።

«ሸረፋ ጠግኖት ነው የፈነዳው፤ ሳጅኑ ነግሮኛል» አለ ሳትጠይቀው።

«ሸረፋ ወይስ ጋሼ ሸረፋ?»

«...ጋሼ ሸረፋ።»

«በአፈሙዙ ውስጥ ያየኸውን ንገረኝ።»

«ሰማይ ነዋ።»

«ምን ዓይነት?»

«ሰማያዊ። ጥርት ያለ። ትንሽ ክብ ሆኖ ወለል ብሎ ታየኝ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ፀዳለ። ከዚያም ቴዲን መጥረቢያ ይዞ እንዲከተላት አዘዘችው።

ቦረቦሩ ውስጥ ለኢላማ የቆመው ወፍራም የእንሰት ግንድ እንደነበረ ነበር። ቴዲ እያላበው ሰነጠቀው። በውኃማው ሥጋ መሐል አንድ አረር ተገኘ፤ ለስላሳ አፍንጫው እንደ አበባ ፈክቷል። ሌላ የለም። ከግንዱ ጀርባ ባለው የአፈር ግድግዳም ቢፈልጉ አንዲት አዲስ ቀዳዳ አላገኙም።

«ኢንስፔክተር፣ ሁለተኛው የት ሄደ?»

«ገና አሁን መጠየቅ ጀመርህ» አለችው።

አሥር ሰዓት ገደማ ሁሉም በቦረቦሩ ተሰበሰቡ። አቶ ሸረፋ በሁለት ፖሊሶች መሐል መጡ፤ ወይዘሮ አደይ አልቀርም ብለው በሰው ተደግፈው ወረዱ። ጀማሉ ካሁን አሁን ስሜ ተጠራ እያለ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ደረጄ ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆመ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ፀዳለ የተሰነጠቀውን በልጅግ ይዛ ወዲያና ወዲህ እያለች ተናገረች።

«ጠመንጃው የፈነዳው ጋሼ ሸረፋ ከጠገኑበት ቦታ አይደለም። ማቀባበያው ደኅና ነው፤ ሳጅን ቴዲም በዓይኑ አይቷል።»

«አይቻለሁ» አለ ቴዲ መሬት መሬት እያየ።

«ብረቱ ውስጥ የተወተፈ ነገር ነበር። መጀመሪያ ሰው ሆን ብሎ ወትፎት ይሆን ብዬ ነበር። ነገር ግን ታስሮ ሁለት ጊዜ ተተኮሰ፣ ኢላማው ውስጥ ግን አንድ አረር ብቻ ተገኘ። ሁለተኛው የከሸፈ ነው፤ ድምፁም ቀጥኖ ነበር። አረሩን ከብረቱ ለማውጣት አቅም አጥቶ መሐል ላይ ቀረ። ሦስተኛው ከኋላው መጥቶ ሲገጨው ብረቱ ተሰነጠቀ።»

ጀማሉ ደረቱን ደቃ። «ያ አላህ! የእኔ ጥይት ነዋ ታዲያ!»

«ጥይት ይከሽፋል፣ ጀማሉ። ጠመንጃውን ከግንድ ማሰር የመጣው ለዚሁ ነው፤ አሻግሮ ማየትም የመጣው ለዚሁ ነው። አቶ አምሀ ድምፁን ሰምተው ተጠራጠሩ። ከእርሳቸው የሚጠበቀውን አንድም አላጎደሉም። ዓይናቸው አያይምና ዓይን አድርገው የሾሙትን ሰው ሁለት ጊዜ ጠየቁት።»

አቶ ሸረፋ ወደ ወይዘሮ አደይ ዞሩ። «ዓይኑ? አምሀ?» ወይዘሮ አደይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፀዳለ ደረጄ ፊት ቆመች።

«በዚያች ሰዓት በዚህ ብረት ውስጥ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነበር። አይተህ ከሆነ፣ ጨለማ አይተህ ሰማይ ብለሃል፤ ይህ ነፍስ ማጥፋት ነው። ቤቱንም እንሰቱንም የምትወርሰው አንተ በመሆንህ ሆን ብሎ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ሌላም መንገድ አለ፤ እሱን ግን ከራስህ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

«ነገርኩሽ እኮ! ሰማያዊ ሰማይ አየሁ!»

«ትናንት ጠዋት?» አሉ ወይዘሮ አደይ። ድምፃቸው አልጮኸም። «በዚያ ጉም ውስጥ ሰማያዊ ሰማይ ከየት አመጣህ፣ ልጄ?»

ደረጄ ወደ ላይ ቀና አለ። የዛሬው ሰማይ፣ ትናንት እርሱ ያላየው ሰማይ፣ ከበላዩ ወለል ብሎ ተዘርግቷል። ነፋሱ የተሰነጠቀውን የእንሰት ቅጠል እያንኳኳ አለፈ።

ፀዳለ ማቀባበያውን ነቅላ ጠመንጃውን ለአቶ ሸረፋ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ምን እንደምትፈልግ ገባቸው። ለወጣቱ አቀበሉት፤ እንደ ሥርዓቱም ጠየቁት።

«ምን ይታያል?»

ደረጄ አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንቶ ዓይኑን አስጠጋ። ብዙ ቆየ። ባበጠው ብረት መሐል የተጣበቀው አረር ብርሃኑን ሁሉ ዘግቶታል።

«ጨለማ» አለ። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ዓይኔን አላስጠጋሁም፣ ጋሼ ሸረፋ። ማቀባበያውንም አልነቀልኩም። የሽማግሌ ጣጣ ነው ብዬ ከፍ አድርጌ ያዝኩትና ስልኬን እያየሁ ሰማይ አልኩት። ደግሞ ሲጠይቀኝ ደግሜ አልኩት። ከዚያም እርስዎ ሲታሰሩ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ አደይ የአቶ ሸረፋን ክንድ ይዘው ወደ ድንኳኑ የሚወስደውን አቀበት ጀመሩ፤ ፖሊሶቹም መንገድ ለቀቁላቸው። ደረጄ ከኋላቸው ጠራ።

«እትዬ አደይ! ጋሼ! ተሳስቼ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»